የሞተ ሞተር ሲነሳ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ምንም አይደል፤ ጉዱ ዳገቱ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ገደማ። ሁለት ሰው የጫነ ሞተር በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ከሩቅ ይሰማል። ስለዚህ እዚህ ሞተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ዳገት ይችላል ወይ? መለዋወጫውስ ይገኛል?

የጥንት የሞተር ብራንዶችን መልሶ የማስነሳት ንግድም የሚፈተነው በእነዚሁ ጥያቄዎች ነው። ስሙን መግዛት ቀላል ነው። አሜሪካዊው የሞተር ብራንድ ኢንዲያን እ.ኤ.አ. በ1953 ማምረት ካቆመ በኋላ ስሙ ከእጅ ወደ እጅ ሲንከራተት ኖሮ፣ ደህና ባለቤት ያገኘው በ2011 ፖላሪስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲገዛው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

የእንግሊዙ ትሪያምፍ በ1983 ሲከስር ስሙን የገዛው ጆን ብሉር ቤት ገንቢ ነበር። ወደ ድሮው መልክ አልሮጠም። መጀመሪያ ዘመናዊ ሞተሮች አወጣ፤ ዝነኛው ቦነቪል የተመለሰው በ2001 ነው። በኋላ ቦነቪል ኢንጀክሽን (ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭ ዘዴ) ሲገባለት መሣሪያውን የድሮውን ነዳጅና አየር ማደባለቂያ፣ ካርቡራተርን አስመስለው ሠሩት። ማጭበርበር ነው? ትንሽ። ግን ያምራል።

እኔን የሚገርመኝ ሮያል ኢንፊልድ ነው። የተወለደው እንግሊዝ ነው፤ ከ1955 ጀምሮ ሕንድ ማድራስ ውስጥም መሠራት ያዘ። የእንግሊዙ ፋብሪካ ሲዘጋ የሕንዱ ቀጠለ። በ1994 አይሸር የተባለው ኩባንያ ጠቀለለው። ያኔ ቡሌት የሚባለው ሞዴል ዘይት የሚያንጠባጥብ፣ ማርሹ በቀኝ እግር የሚቀየር የድሮ ብረት ነበር። በ2000 አካባቢ ሊዘጋ ሲል የአይሸር ባለቤት ልጅ፣ ወጣቱ ሲዳርት ላል ጊዜ ስጡኝ ብሎ ተረከበው። በአሉሚኒየም የተሠራ አዲስ ኢንጂን መጣ፤ በ2009 ክላሲክ የሚባለው ሞዴል ወጣ። መልኩ የአያት፣ ውስጡ የልጅ ልጅ። ዱግ ዱግ የሚለውን ድምፅ ግን አልነኩትም። በየመንደሩ የሚያውቀው መካኒክ መኖሩ ደግሞ ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

እኛ ጋ ጋራዥ ገብታችሁ ስሙ፦ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። የጣሊያን ሞተሮች ሄዱ፣ ቋንቋቸው በመካኒኩ አፍ ቀረ።

በ2020 ደግሞ የሕንዱ ሞተር ሠሪ ቲቪኤስ፣ በ1898 የተመሠረተውን የእንግሊዙን ኖርተን በ16 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛ። ለስም ይህን ያህል የከፈለ ኩባንያ ደሴ ቢመጣ ጉድ ይሰማል። እኛ ባለ ሦስት እግሩን ሁሉ በተፎካካሪው ኩባንያ ስም ባጃጅ ነው የምንለው፤ ቲቪኤስ የሚል ተጽፎበትም ቢሆን።