ለሲኦሲ የሚዘጋጅ ነርስ ሊይዘው የሚገባ መሠረት

ሐዋሳ ነርስ በብዛት የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። የመንግሥት ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ የግል ኮሌጆችም አሉ። በቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 የሚመረቁት ሥራ ከመያዛቸው በፊት የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሁሉም ሰው ሲኦሲ የሚለውን፣ ማለፍ አለባቸው። በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናሉ። በዲግሪ የሚመረቁትን ደግሞ የመውጫ ፈተናና የጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና ይጠብቃቸዋል። ፈተናዎቹ ይለያዩ እንጂ የቆሙበት መሠረት አንድ ነው። የሚጥለው ጥያቄም «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ሳይሆን «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ነው።

ዘመናዊው ነርስነት መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል በክሪሚያ ጦርነት ቁስለኞችን ካስታመመች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል ትምህርት ቤት ከፈተች። ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ንጽሕናና በጥንቃቄ የተያዘ መረጃ የትምህርቷ ምሰሶዎች ነበሩ። በእኛ አገር የልዕልት ፀሐይ ስም አይረሳም። በስደት እንግሊዝ ሳሉ ነርስነት ተምረው ተመርቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 በወጣትነታቸው ሲያርፉ አዲስ አበባ ላይ በስማቸው ሆስፒታል ተሠራላቸው፤ ነርሶችም ሠለጠኑበት።

የሙያው አከርካሪ የነርሲንግ ሂደት ነው። ደረጃዎቹ አምስት ናቸው፦ ዳሰሳ፣ የነርሲንግ ዲያግኖሲስ፣ ዕቅድ፣ ትግበራና ግምገማ። ቅደም ተከተሉን ማንም ይሸመድደዋል። ችግሩ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሐኪሙ «ኒሞኒያ» (የሳንባ ምች) ይላል። ነርሷ ግን «አክታው ወፍሮበት ማውጣት አቅቶታል፣ የአየር መንገዱ አልጸዳም» ትላለች። ሐኪሙ በሽታውን ይሰይማል፤ ነርሷ በሽታው በሰውዬው ላይ ያመጣውን፣ እሷ ልትረዳው የምትችለውን ችግር ትሰይማለች። ይህን ልዩነት በደንብ የያዘ ተማሪ ብዙ ጥያቄ ይቀልለታል።

ዳሰሳ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ስህተት የሚጀምረው እዚያ ነው። «ራሴን ያመኛል» ሕመምተኛው የሚነግረን ነው። 38.9 ዲግሪ እኛ የለካነው ነው። ሁለቱም ይጻፋሉ፣ ግን አይቀላቀሉም። የአዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20፣ የልብ ምት ከ60 እስከ 100 ነው። ትንፋሽ ሲቆጠር ሕመምተኛው ማወቅ የለበትም፤ ካወቀ አተነፋፈሱን ይቀይራል። ስለዚህ የልብ ምቱን ቆጥራችሁ ስትጨርሱ እጁን አትልቀቁ። ጣታችሁ እዚያው እንዳለ ዓይናችሁን ወደ ደረቱ መልሱና አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ሕፃን ከሆነ ልብሱ ከፍ ይበል፣ ለቅሶውም ይብረድ። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ለሆነው 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛት ይሄን የመሰለ ውሳኔ ላይ አያዋጣም። የደም ግፊትም እንዲሁ ነው። ደረጃ ወጥቶ የመጣ ሰው አምስት ደቂቃ ይረፍ፣ ክንዱ በልቡ ትክክል ይሁን። ለክንዱ የጠበበ የመለኪያ መጠቅለያ ግፊቱን ከእውነተኛው በላይ ያሳያል።

ቅድሚያ የመስጠት ጥያቄ የፈተናው እምብርት ነው። የአየር መንገድ፣ ትንፋሽ፣ የደም ዝውውር፤ ከዚያ ሌላው። አራት ሕመምተኞች አሉ እንበል። አንዱ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሕመም ይጮኻል። ሁለተኛዋ ሽንቷ መጥቶ ትጠራለች። ሦስተኛው ወደ ቤቱ ሊሸኝ ወረቀት ይጠብቃል። አራተኛው አስም አለበት፤ ሲያፏጭ የነበረው ደረቱ በድንገት ጸጥ ብሏል፣ እሱም ፈዝዟል። ብዙ ተማሪ ወደሚጮኸው ይሮጣል። መቅደም ያለበት ግን አስም ያለበት ነው፤ ፉጨቱ የጠፋው አየር መግባቱ ስለቀረ ሊሆን ይችላል። ደግሞ «መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ» ሲባል መልሱ ሁልጊዜ «ዳስሳለሁ» አይደለም። ጥያቄው ራሱ ደም እየፈሰሰ መሆኑን ከነገረን የሚቀጥለው ሥራ ቁስሉን ተጭኖ መያዝ ነው።

መድኃኒት ላይ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓት ይረጋገጣል፤ ከተሰጠ በኋላ ይመዘገባል። ስሌቱም መለማመድ ይፈልጋል። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በደም ሥር በ8 ሰዓት እንዲገባ ከታዘዘና የሚንጠባጠብበት መስመር በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ከሆነ፣ 1000 በ20 ተባዝቶ ለ480 ደቂቃ ይካፈላል፤ 42 ጠብታ በደቂቃ ገደማ ይሆናል። የጠብታው ቁጥር ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ በግምት አይያዝም።

እጅ በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይታጠባል፤ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በቂ ነው። ያገለገለ መርፌ ክዳኑ አይመለስለትም። መርፌው የሚጣልበት ሣጥን፣ ሴፍቲ ቦክሱም፣ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል።

ሪፈራል ሆስፒታልም ይሁን አዳሬ ሆስፒታል፣ ዎርዱ ውስጥ አስታማሚ አይጠፋም። አልጋ ላይ የዋለን ሰው በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ብዙ ጊዜ በእነሱ እጅ ነው። ስለዚህ ማስተማር ከነርሷ ሥራ አንዱ ነው፦ ጀርባው ላይ የትኛው ቦታ ሲቀላ መጥራት እንዳለባቸው፣ ሰውየውን ሳይጎትቱ እንዴት እንደሚያነሱት። ሐዋሳ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ክፍል ውስጥ ይሰማሉ። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የሥራ ባልደረባ ይፈለግ እንጂ የሕመምተኛዋ ልጅ ስለ እናቱ የማህፀን ሕመም እንዲያስተረጉም አይደረግም። ይህ የምስጢር ጠባቂነትና የክብር ጉዳይ ነው፤ እኔ ከምንም በላይ የምጨነቅበትም ነው።

በተግባር ፈተና ላይ አልጋው ላይ ያለው የሰው ቅርጽ ያለው መለማመጃ ሞዴል ቢሆንም ሰላም በሉት፣ ስሙን ጠይቁ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁትን ንገሩት፣ መጋረጃውን ዝጉ። ስትጨርሱ ሰዓቱን፣ የሠራችሁትንና ሕመምተኛው እንዴት እንደሆነ ቻርቱ ላይ ጻፉ። ከተሳሳታችሁ በአንድ መስመር ሰርዙና ፈርሙ፤ ማጥፊያ አትቀቡበት።