አዲስ የባሕር ቀንድ አውጣ «ተገኘ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«አዲስ የቀንድ አውጣ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና ሳነብ ደስ ይለኛል። ቀጥሎ የሚባለውን ስሰማ ግን ቅር ይለኛል። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለማግኘቱ ነው። ዋናው ልፋት ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚህ በፊት ስም ከወጣላቸው ሁሉ ጋር አንድ በአንድ ማስተያየት አለ። ምሳሌዎቼን ከቀዝቃዛ ባሕር አመጣለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«አዲስ ማለት ማንም አይቶት የማያውቅ ማለት ነው»

አይደለም። በቅርቡ የተፈጠረ ማለትም አይደለም። አዲስ የሚሆነው ለሳይንስ መዝገብ ነው። ሊቶሪና አርካና የምትባለውን እንይ። የጣት ጥፍር የምታክል፣ በብሪታንያ ዳርቻ አለቶች ላይ የምትኖር ቀንድ አውጣ ናት። ዓሣ አጥማጁም፣ ሕፃኑም፣ ተመራማሪውም ለዘመናት ሲረግጧት ኖረዋል። ራሷን የቻለች ዝርያ መሆኗ ታውቆ ስም የወጣላት ግን በ1978 ነው። አርካና በላቲን «ስውር» ማለት ነው። እኛ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» እንላለን፤ ይቺኛዋ በእርግጥ ስሟን አግኝታለች።

«ዛጎሉን አይቶ መለየት ይበቃል»

ብዙ ስህተት የተሠራው በዚህ እምነት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የአርካና የቅርብ ዘመድ ሊቶሪና ሳክሳቲሊስ ናት። በሰሜን አትላንቲክ ዳርቻዎች ሞልታለች። ስሟን ያወጣላት ጣሊያናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኦሊቪ ነው፤ በ1792፣ ከቬኒስ ባገኛት ናሙና። ከዚያ ወዲህ ያቺው አንዲት ዝርያ ከ100 በላይ ስሞች ወጥተውላታል! እያንዳንዱ ሰው የተለየ ዛጎል ባየ ቁጥር «ይሄማ ሌላ ነው» እያለ ስም ሰጣት።

ሰዎቹ ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። ዛጎሏ በእርግጥ እንደ ቦታው ይለያያል። ማዕበል በሚመታው አለት ላይ ዛጎሏ ትንሽና ስስ፣ አፉ ሰፊ ነው። ሰፊ አፍ ለትልቅ እግር ቦታ ይሰጣል፤ በትልቅ እግር ደግሞ አለቱን ጥብቅ አድርጋ ትይዛለች። ሸርጣን በሚበዛበት ጸጥ ያለ ዳርቻ ደግሞ ዛጎሏ ትልቅና ወፍራም፣ አፉ ጠበብ ያለ ነው። ሸርጣኑ በቀላሉ እንዳይሰብራት ይረዳታል።

በጣም የምወደው ማስረጃ ከስዊድን የመጣው ነው። በ1988 መርዛማ አልጌ በዝቶ በምዕራብ ስዊድን ባሉ ትንንሽ የባሕር አለቶች ላይ የነበሩትን ቀንድ አውጣዎች ጨረሳቸው። በ1992 ተመራማሪዎች ማዕበል ወደሚመታው አንድ ባዶ አለት ሸርጣን ካለበት ቦታ የመጡትን ወፍራሞቹን ወሰዱ። ከዚያ ጠበቁ። ውጤቱ በ2024 ታተመ፦ በ30 ዓመት ገደማ ውስጥ የወፍራሞቹ ዘሮች የማዕበሉን ዓይነት መልክ ይዘው ነበር። መልኩ ተቀየረ፣ ዝርያው ግን ያው ነው።

ታዲያ አርካና በምን ተለየች? በአወላለዷ ነው። ሳክሳቲሊስ ሽሎቿን በሰውነቷ ውስጥ ባለ ከረጢት ይዛ ትናንሽ ቀንድ አውጣዎችን ትወልዳለች። አርካና ግን እንቁላሏን እንደ ጄሊ ባለ ነገር ጠቅልላ አለት ላይ ትጥላለች። ዛጎል ብቻ የያዘ ሰው ይህን ከየት ያያል? ወንዶቹንማ መለየት ለባለሙያም ከባድ ነው።

«እንግዲያው ዲኤንኤ ይመርመርና ይለቅ»

ዲኤንኤ ትልቅ ነገር ነው፣ ዛሬ ብዙ የዝርያ ገለጻ ያለ እሱ አይወጣም። ግን ብቻውን አይፈርድም። ለመለያነት በሰፊው የሚነበበው የማይቶኮንድሪያ (በሴል ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ክፍል) ጂን በአርካና እና በሳክሳቲሊስ መካከል የጋራ ሆኖ ይገኛል። እሱን ብቻ ያየ ሰው ሁለቱን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። ስለዚህ ምግብ የሚፍቁበት ራዱላ የሚባለው ጥርሳም ምላስም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ይታያል። የዛጎሉ ጫፍ፣ ማለትም ገና ጨቅላ ሳሉ የሠሩት ክፍል፣ ይለካል።

«ያገኘው ሰው ወዲያው ስም ይሰጠዋል»

በ2012 የታተመ ጥናት ናሙና ከተሰበሰበበት እስከ ተገለጸበት ድረስ በአማካይ 21 ዓመት እንደሚያልፍ አሳይቷል። እነዚያን ዓመታት ናሙናው ሙዚየም ውስጥ በአልኮል ጠርሙስ ይቀመጣል። ሲገለጽም አንድ ናሙና ሆሎታይፕ ተብሎ ይመረጣል። ስሙ የሚታሰረው በዚያ አንድ አካል ላይ ነው፤ ወደፊት የሚጠራጠር ሰው ሄዶ የሚያየው እሱን ነው። ስሙን በራስ መሰየምን ደንቡ ባይከለክልም እንደ ነውር ይታያል።

«ቀዝቃዛ ባሕር ማለት ዋልታ ነው፤ ቀንድ አውጣም ጥምዝምዝ ነው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። በምድር ወገብ ላይም ቢሆን የውቅያኖስ ጥልቁ ብርድ ነው፤ ብዙ ቦታ ከ4 ዲግሪ በታች። ጎረቤታችን ቀይ ባሕር ግን ለየት ይላል። መግቢያው ባብ ኤል መንደብ አካባቢ ወለሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ቀዝቃዛው የውቅያኖስ ውሃ አይገባም። ጥልቁም 21 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

በ2025 የተገለጸችው ባቲሌፔታ ዋዳትሱሚ ደግሞ ከቶኪዮ ደቡብ ምሥራቅ፣ 5,922 ሜትር ጥልቀት ላይ፣ ሰው አሳፍሮ በሚጠልቀው ሺንካይ 6500 በተባለ ሰርጓጅ ተገኘች። 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ዛጎሏ ጥምዝ የለውም፣ እንደ ባርኔጣ የተደፋ ነው። ቢሆንም ቀንድ አውጣ ናት።

«አንዴ ስም ከወጣ አለቀ»

አያልቅም። ሁለት ስም የአንድ ዝርያ ሆኖ ከተገኘ ቀድሞ የታተመው ይጸናል። የሳክሳቲሊስ 100 ስሞች የወደቁት፣ የኦሊቪም የቀረው በዚህ ደንብ ነው። እሱ ራሱ ግን ቱርቦ በሚባል ሌላ ጂነስ (ተቀራራቢ ዝርያዎች አብረው የሚመደቡበት ክፍል) ውስጥ ነበር የመደባት። ዛሬ ከዝርያዋ ስም ቀጥሎ የኦሊቪ ስምና 1792 በቅንፍ ውስጥ የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ ቅንፉ ዝርያዋ ከተመደበችበት ጂነስ ወጥታ ወደ ሌላ መዛወሯን ይናገራል።