ፍሮንት ፎከስና ባክ ፎከስ ምንድን ነው?

ጣና ዳር ሙሽሮች አንስታችሁ የምታውቁ ከሆነ ይህ ነገር ሳይገጥማችሁ አልቀረም። ፎከሱን የሙሽራዋ ዓይን ላይ ታደርጋላችሁ፣ ካሜራው «ቢፕ» ይላል፣ ታነሳላችሁ። ቤት ገብታችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት በእጇ የያዘችው አበባ አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ዓይኗ ግን ፈዟል። እኔ ለወራት እጄ እየተንቀሳቀሰ ይመስለኝ ነበር፤ ሌንሱን ልሸጠውም ገዢ ፈልጌ ነበር።

ፎከሱ ካነጣጠራችሁበት ወደ እናንተ ቀርቦ ሲያርፍ ፍሮንት ፎከስ ይባላል። ዓይኗን አልፎ ከጀርባዋ ያለውን ደንገል ካጠራ ደግሞ ባክ ፎከስ ነው።

ምክንያቱ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው) ካሜራ ውስጥ ነው። ፎቶውን የሚያነሳው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባይ)ና ፎከሱን የሚለካው ሴንሰር ይለያያሉ። በሌንስ ከገባው ብርሃን ከፊሉ ዋናውን መስታወት አልፎ፣ ከኋላው ባለች ትንሽ መስታወት ወደ ታች ተመልሶ የፎከስ ሴንሰሩ ጋ ይደርሳል። ይህ መንገድና እስከ ዋናው ሴንሰር ያለው መንገድ እኩል መሆን አለባቸው። መስታወቷ ለጥቂት ከተዛነፈች፣ ወይም ሌንሱ ከፋብሪካ ሲወጣ ትንሽ ልዩነት ካለው፣ ካሜራው «አግኝቼዋለሁ» ይላል፣ የሚጠራው ግን ሌላ ቦታ ነው። የሌንሱ ቀዳዳ ጠበብ ሲል፣ ለምሳሌ ኤፍ 8 ላይ፣ ብዙም አይታወቅም። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ) ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ኤፍ 1.8 ላይ ከፍታችሁ ከ2 ሜትር ስታነሱ ግን ጥርት የሚለው 6 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ጆሮ እንኳ አይደርስም።

ለመፈተን ታንኳ ላይ ያለ ሰው አይሆንም፣ ውኃው ይወዘውዘዋል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጉ፣ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍ አቁሙ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ወደ እናንተ አጋድሙ። ፎከሱን መጽሐፉ ላይ አድርጋችሁ፣ በቪውፋይንደር (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት መስኮት) እያያችሁ አምስት ስድስት ጊዜ አንሱ፣ በየመሀሉ ፎከሱን ሆን ብላችሁ እያዛባችሁ። ከዚያ በላይቭ ቪው (ከኋላ ባለው ስክሪን እያያችሁ) ድገሙት፣ እሱ በዋናው ሴንሰር ነው የሚለካው። በቪውፋይንደር ያነሳችኋቸው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ከሳቱ ችግሩ ይኸው ነው። አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ከሆነ ግን ሌላ ምክንያት ፈልጉ።

ማስተካከያው ኒኮን ላይ «ኤኤፍ ፋይን ቲዩን»፣ ካኖን ላይ «ኤኤፍ ማይክሮአድጀስትመንት» ይባላል፤ ከ-20 እስከ +20 ነው። ለፍሮንት ፎከስ ወደ ፕላስ ሂዱ። እንደ ኒኮን ዲ3500 እና ዲ5600 ያሉት ይህ የላቸውም፤ በእነሱ ላይቭ ቪው ተጠቀሙ ወይም ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው) ካሜራ በዋናው ሴንሰር ስለሚለካ እንዲህ ያለው መዛነፍ አያስቸግረውም።

የእኔ ሌንስ +7 ላይ ነው የተስተካከለው። ካሜራው ለእያንዳንዱ ሌንስ ቁጥሩን ይዞ ስለሚያስቀምጥ ሌላ ሌንስ ብቀይርም አይጠፋም።