የጀልባ ተሳቢ በግቢ በር ሲገባና ሲወጣ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጀልባውን ከነተሳቢው ከቤቱ ፊት ለፊት ባለ ግቢ የሚያሳድር ሰው በጣም የሚቸገረው ከአስፋልቱ እስከ ግቢው ባሉት ጥቂት ሜትሮች ላይ ነው። የበሩ ምሰሶ የሚጫረው፣ የተሳቢው የፊት ትንሽ ጎማ የምትጎብጠው፣ የጀልባው ሞተር ጫፍ መሬት የሚፈጨው እዚያ ነው። ከአብዛኛው ጉዳት ጀርባ ያለው ሰው ከሰው እየተቀባበለ የሚያምነው የተሳሳተ ግምት ነው።

«በሩ ከተሳቢው ከሰፋ ይበቃል»

የሚበቃው ተሳቢው ቀጥ ብሎ ሲያልፍ ነው። 2.20 ሜትር ስፋት ያለው ተሳቢ 30 ዲግሪ ገደድ ብሎ ከገባ በምሰሶዎቹ መካከል ቢያንስ 2.54 ሜትር ይፈልጋል። በሩ 2.70 ሜትር ቢሆን «ግማሽ ሜትር ይተርፈኛል» ያለ ሰው በተግባር የሚተርፈው በየጎኑ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። በሩ ውስጥ እየዞረ ከሆነ ያችም ታልቃለች፤ የተሳቢው ጎን ወደ አንዱ ምሰሶ ይጠጋል፣ ኋላው ደግሞ ወደ ሌላው ይወረወራል።

ሲለኩ ከጎማ ጎማ አይለኩ። ከታች ሰፊው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የጭቃ መከላከያው ነው፣ ከላይ ደግሞ የጀልባው ጠርዝ። ምሰሶው ትንሽ ያዘመመ ከሆነ ወይም የበሩ ማጠፊያ ወደ ውስጥ ከወጣ፣ በጀልባው ጠርዝ ከፍታ ላይም መለካት ያስፈልጋል። ከታች አልፎ ከላይ የሚጫረው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው መዞሩን መንገዱ ላይ መጨረስ ነው። መኪናው በሩን አልፎ ከበሩ ራቅ ባለው የመንገዱ ወገን ይቆማል፤ ነገር ግን ወደ ኋላ ሲዞር የመኪናው አፍንጫ ወደዚያው ወገን ስለሚወጣ ለእሱም ቦታ መተው አለበት። መንገዱ የሚፈቅድ ከሆነ በሩ በነጂው ወንበር በኩል እንዲሆን አድርጎ መምጣት ይሻላል፤ ነጂው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የተሳቢውን ጎማ ያያል። በሌላው በኩል ግን ተሳቢው ሲታጠፍ ስፖኪዮ ውስጥ የሚታየው የጀልባው ሆድ ብቻ ነው። የሁለቱ ጎማዎች መስመር ከግቢው እስከ መንገዱ በጠመኔ ቢሰመር ነጂው የሚያነጣጥርበት ነገር ያገኛል።

«ትንሽ ተሳቢ ወደ ኋላ ለመንዳት ይቀላል»

ተቃራኒው ነው። ከመጎተቻ ኳሱ (ተሳቢው መኪናው ላይ ከሚያያዝበት ኳስ) እስከ ተሳቢው ጎማ ያለው ርቀት ባጠረ ቁጥር ተሳቢው ለመሪው ቶሎ ይመልሳል፣ ቶሎም ይታጠፋል። ረጅሙ ግን ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል።

እጅን መሪው ታች ላይ ማድረግ ግራ መጋባቱን ያስቀራል፤ የተሳቢው ኋላ ወደ ቀኝ እንዲሄድ ሲፈለግ እጅም ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። መሪው በትንሹ ይዞራል፣ ተሳቢው መታጠፍ ሲጀምር ወዲያው ወደ መሃል ይመለሳል፣ ከዚያ መኪናው ይከተላል። መኪናውና ተሳቢው አንዴ ከልክ በላይ ከታጠፉ ግን መሪን እስከ መጨረሻው ማዞርም አያድንም፤ ወደ ኋላ በተሄደ ቁጥር ማዕዘኑ ይብሳል፣ የመኪናው መብራትና የተሳቢው አፍንጫ (ኳሱ ላይ የሚያያዘው የፊት ጫፉ) ይጋጫሉ። ያኔ የሚያዋጣው ወደ ፊት ሄዶ አስተካክሎ እንደገና መጀመር ነው። ይህ የሽንፈት ምልክት አይደለም፤ ለዓመታት ተሳቢ የነዱ ሰዎችም ሁለት ሦስቴ ወደ ፊት ይወጣሉ።

ከኋላ የሚያመለክት ሰው በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ነጂው ሰውየውን ካጣው ይቆማል። በተሳቢውና በምሰሶው መካከል ማንም አይቆምም።

«ከመኪናው ፈትቶ ሁለት ሰው ሆኖ መግፋት ነው»

ሂሳቡን እንይ። ጀልባው፣ ሞተሩና ተሳቢው አንድ ላይ 1200 ኪሎ ቢሆኑ፣ ደልዳላ ኮንክሪት ላይ ለማንከባለል ከክብደቱ 2 በመቶ ገደማ፣ ማለትም የ24 ኪሎ ያህል ግፊት ይበቃል፤ ለማስነሳት ትንሽ ይበልጣል። ሁለት ሰው ይችለዋል። ሳር ላይ ግን እንደ አፈሩ እርጥበት ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ከ60 እስከ 120 ኪሎ ይፈልጋል። በ10 ሜትር 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲጨመር ሌላ 120 ኪሎ ይመጣበታል። ቁልቁል ሲሆን ደግሞ ያው 120 ኪሎ ሰዎቹን ይገፋቸዋል፤ አንዱ ከተንሸራተተ ሌላው ብቻውን አያቆመውም። ተዳፋት ያለበት ግቢ የእጅ ሥራ አይደለም።

የፊቷ ትንሽ ጎማም ገደብ አላት። የተሠራችው ጠንካራና ደልዳላ መሬት ላይ አፍንጫውን ለመሸከም ነው። ጠጠር ውስጥ ትሰምጣለች፣ በጎን ከተገፋች ዘንጓ ይጎብጣል። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ሁለት የኮምፔርሳቶ ጣውላዎች እየተቀያየሩ ከሥሯ ቢነጠፉ ብዙ ችግር ይቀላል።

ባለ አንድ አክስል ተሳቢ በቦታው ላይ ይዞራል። ባለ ሁለት አክስሉ ግን ጎማዎቹን በጎን ካልጎተተ መዞር አይችልም፤ በእጅ ለማዞር መታገል ጎማውንም ወገብንም ይጎዳል። ጠባብ ግቢ ላላቸው ብዙም የማይታወቅ ግን እጅግ የሚረዳ መፍትሔ አለ፦ መኪናው ፊት ላይ ሁለተኛ የመጎተቻ ኳስ ማስገጠም። ነጂው ወደ ፊት እያየ ተሳቢውን ገፍቶ ያስገባል፣ የሚዞሩት የመኪናው ጎማዎችም ኳሱ አጠገብ ስለሆኑ አፍንጫው ባለበት ጠባብ ቦታ በቀላሉ ይመራል። ለግቢ ሥራ ብቻ ነው፤ የሚገጠመውም ከመኪናው ሻንሲ ጋር በብሎን እንጂ ከፕላስቲክ ፓራውልት ጋር አይደለም።

«ጀልባውን የሚስበው ዊንች ተሳቢውንም ይስባል»

ተሳቢው ላይ ያለው ዊንች (እጀታው ሲዞር ገመድ የሚጠቀልለው መሳቢያ) ጀልባውን በሮለሮች ላይ ለመሳብ የተለካ ነው፣ ቆሞ የሚሠራበት ምሰሶም እንዲሁ። ግቢው ዳገት ከሆነ ከግቢው የኋላ ጫፍ በኮንክሪት መሠረት ላይ ለብቻው የታሰረ ዊንች ያስፈልጋል። የራሱ ፍሬን ያለው ዓይነት ይሁን። በጥርስ ብቻ የሚይዘው ተሳቢውን ቁልቁል ለማውረድ ጥርሱ ሲለቀቅ እጀታው ሊያመልጥ፣ ክንድም ሊሰብር ይችላል። ካቦው ተሳቢው ላይ በታሰረ ፑሊ አልፎ ወደ መሠረቱ ቢመለስ ጉልበቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። በተወጠረ ካቦ አቅጣጫ ማንም አይቆምም።

«ፍሬን ያለው ተሳቢ የበለጠ ይታዘዛል»

ወደ ፊት ሲሄድ አዎ። ብዙ ተሳቢዎች ግን ፍሬን የሚይዙት መኪናው ሲቆም ተሳቢው ወደ ፊት ገፍቶ አፍንጫው ላይ ያለውን ዘንግ ሲጨምቅ ነው። ዳገት ላይ ወደ ኋላ ሲገፉትም ዘንጉ ያው ይጨመቃል፣ ፍሬኑም ይይዛል። ነጂው ነዳጅ ሲጨምር ጎማው ይንሸራተታል፣ ክላቹ ይቃጠላል። በወደ ኋላ ጉዞ ራሱን የሚለቅ ፍሬን ከሌለው፣ ዘንጉ እንዳይጨመቅ የሚያግደው ማንሻ ወይም ካስማ ከመግፋቱ በፊት ይገባል፤ ተሳቢው ቦታውን ሲይዝ ወዲያው ይወጣል። ካስማውን ረስቶ መንገድ የወጣ ሰው ፍሬን የሌለው ተሳቢ ነው የሚጎትተው።

«ኋላው መሬት ቢነካም ቀስ ካሉ ያልፋል»

ቀስ ማለት ጭረቱን ያለዝበዋል እንጂ አያስቀረውም። ከመንገዱ ጠርዝ ያለው ቦይ የተሳቢውን ጎማ ሲያወርደው ኋላው ዳገቱን ይነካል። በመጀመሪያ ሞተሩ ወደ ላይ ይታጠፍ፣ በድጋፉም ይያዝ። ከዚያ ጎማዎቹ የሚያልፉበት ቦይ በጣውላ ይሞላ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጎማውን 5 ሴንቲ ሜትር ያነሳል፣ ብዙውን ጊዜም የጎደለው ይኸው ብቻ ነው። አፍንጫውን ከፍ ማድረግ ግን ነገሩን ያባብሳል፤ አፍንጫ ሲነሳ ኋላ ይወርዳል።

«ደልዳላ መሬት ላይ ታኮ አያስፈልግም»

ታኮ የሚገባው አፍንጫው ከኳሱ ከመነሳቱ በፊት ነው፣ ከሁለቱም ጎማዎች ፊትና ኋላ። ደልዳላ የሚመስል ግቢ ለዝናብ ውኃ መፍሰሻ ሲባል ዘንበል ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ሌላም አደጋ አለ፦ የጀልባ ተሳቢ ክብደቱ አክስሉ አካባቢ ስለሚያርፍ አፍንጫው ላይ የሚያርፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። በተፈታ ተሳቢ ላይ አንድ ሰው በጀልባው ኋላ ቢወጣ አፍንጫው ሊነሳ፣ ጀልባው ወደ ኋላ ሊቀመጥ ይችላል። ከመውጣት በፊት የኋላው ጫፍ በድጋፍ ይያዝ።

«ከገባ በኋላ ሥራው አልቋል»

የማፍሰሻው ቡሽ ካልወጣና አፍንጫው ከፍ ካላለ ጀልባው ዝናብ ያጠራቅማል። 6 ካሬ ሜትር ወለል ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ ማለት 600 ኪሎ ነው፤ ጎማው ሳር ውስጥ የሚሰምጠው፣ ሲወጣም መኪናው የሚያቅተው በዚህ ነው። ከጎማዎቹ ሥር ጣውላ ይነጠፍ። የጀልባው ኋላ ወደ እግረኛ መንገድ እንዳይወጣም ይታይ፤ ግቢ ፊት ለፊት ጀልባ ማቆምን የሚመለከተው ደንብ ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ለረጅም ጊዜ የቆመ ተሳቢ ሲወጣ ፍሬኑ በዝገት ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱም ጎማዎች በእርግጥ መዞራቸው ይታይ። የጎማው ነፋስ ይለካ፣ ኩሽኔታው በግራሶ ይሞላ። አፍንጫው ኳሱ ላይ አርፎ ሲቆለፍ፣ ሰንሰለቶቹ ከሥር ተሻግረው ከመታሰራቸው በፊት በፊቷ ትንሽ ጎማ አፍንጫውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ያንሱት። የመኪናው ኋላ አብሮ ካልተነሳ ማያያዣው ኳሱን አልያዘም፤ ይፈታና እንደገና ይገጠም።