ፍርሃት በ120 በ45 ፒክስል፦ የኢንዲ አስፈሪ ጨዋታዎች የመደብር ሽፋን

የኮምፒውተር ጨዋታዎች በኢንተርኔት በሚሸጡበት፣ ስቲም በተባለው መደብር የፍለጋ ዝርዝር ላይ አንድ የቪዲዮ ጨዋታ የሚወከለው በ120 በ45 ፒክስል ምስል ነው። በተለመደ የኮምፒውተር ስክሪን ላይ ይህ ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ቦታ ነው። ገዢው ዝርዝሩን ቁልቁል ሲወርድ ዓይኑ እዚያች ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ነው፤ ካለፋት አለፋት። የጨዋታው ድምፅ፣ ኮሪደሩ ውስጥ የሚሰማው ኮቴ፣ ከበሩ ጀርባ ያደፈጠው ነገር፣ ሁሉም ተራቸውን የሚጠብቁት ከዚያች ምስል ወዲያ ማዶ ነው።

ሠሪዎቹ ይህን ምስል «ካፕሱል» ይሉታል። ኢንዲ የሚባሉት ጨዋታዎች ከጀርባቸው ትልቅ አሳታሚ ሳይኖር በአንድ ሰው ወይም በጥቂት ባልደረቦች የሚሠሩ ናቸው፤ ማስታወቂያ የሚገዙበት ገንዘብ ስለማይተርፋቸው ካፕሱሉ የሱቃቸው በርም ነው፣ ለፋፊያቸውም ነው። የመደብሩ ባለቤት የሆነው ቫልቭ የተባለው ኩባንያ ስቲምን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን የሌሎች ድርጅቶችን ጨዋታ መሸጥ የጀመረው በ2005 ነው። ከ2017 አጋማሽ ወዲህ ለአንድ ጨዋታ 100 ዶላር የከፈለ ሁሉ መደርደሪያው ላይ ቦታ ያገኛል፤ ጨዋታው 1,000 ዶላር ካስገባ መቶዋ ትመለስለታለች። በሩ ሲሰፋ ግፊያው በዛ፤ አስፈሪ ጨዋታ ደግሞ በትንሽ ገንዘብና በጥቂት ክፍሎች ሊሠራ ስለሚችል ከግፊያው መሀል ድርሻው ብዙ ነው።

አንድ ሥዕል ሠርቶ ማሳነስ ብቻ አይበቃም። ቫልቭ የሚጠይቃቸው ምስሎች ቅርጻቸው ይለያያል፦ ዋናው ካፕሱል 1232 በ706፣ የገጹ ራስጌ 920 በ430፣ ትንሹ 462 በ174፣ ቁመታሙ 748 በ896። ትንሹን መደብሩ ራሱ እያጠበበ እስከ 120 በ45 ያወርደዋል። ገዢው ከገዛ በኋላ በራሱ ስብስብ ውስጥ የሚያየው ደግሞ 600 በ900 ነው፤ በገጹ አናት የሚዘረጋው 3840 በ1240 ምስል ላይ ምንም ጽሑፍ አይፈቀድም፣ ርዕሱ ለብቻው ይቀርባል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠዓሊ ጭራቁን፣ ዳራውንና ርዕሱን ከመጀመሪያው ለያይቶ ይሠራል። በቁመታሙ ላይ ጭራቁ ከርዕሱ በላይ ይቆማል፣ በአግድሙ ላይ ከጎኑ ይሆናል፣ በትንሹ ላይ ግን ጭራቁ ከናካቴው ይቀርና ርዕሱ ወርዱን ሞልቶ ይቀመጣል። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ጀማሪ አይቀበለውም። የለፋበትን ሥዕል ቆርጦ መጣል ያሳዝነዋል፤ ውጤቱም ጭራቁም ርዕሱም የማይለዩበት ቡኒ ነጠብጣብ ይሆናል።

አስፈሪ ጨዋታን ከሌሎቹ የሚለየው ችግር ጨለማ ነው። ጨዋታው የሚኖረው በጨለማ ውስጥ ነው፤ የስቲም ገጽም ወደ ጥቁር ያደላ ሰማያዊ ነው። ጨለማ በጨለማ ላይ ሲለጠፍ ጠርዙ ይጠፋና መደርደሪያው ላይ ባዶ ቦታ የተተወ ይመስላል። ከጨዋታው ውስጥ የተነሣ ምስል እንዳለ ሽፋን ሲደረግ የሚከሽፈውም በዚህ ምክንያት ነው። መብራት አጥፍቶ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ለተቀመጠ ተጫዋች የሚያስበረግገው ኮሪደር፣ በቀን ብርሃን በስልክ ለሚያየው ሰው ጥላሸት ነው። በመሆኑም ጥሩ ሠዓሊ ከጭራቁ አስቀድሞ መብራቱን ይወስናል።

በር ላይ የቆመች ሴት ትሣል እንበል። ክፍሉ ጨለማ፣ ልብሷ ጥቁር፣ ፊቷ ገርጣ ያለ፤ በትልቁ ሲታይ ውብ ነው። ሲያንስ የሚቀረው አንዲት ግራጫ ነጥብ ናት። አሁን በሩ ገርበብ ይበልና ከጀርባዋ ቢጫ ብርሃን ይፍሰስ፤ ሴትዮዋ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ጥላ ትሁን። ፊቷ ጠፋ፣ ነገር ግን የትከሻዋ ዝንባሌና ከልክ በላይ የረዘመ ክንዷ በክብሪት ቀፎዋ መጠን እንኳ ይነበባል። ያ ክንድ ጥርስና ደም ከመደርደር ይልቅ ያስፈራል። ሠዓሊዎች ይህን የሚፈትኑበት መንገድ ቀላል ነው፦ ምስሉን አሳንሶ፣ ቀለሙን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ፣ ዓይንን ጨፈን አድርጎ ማየት። እንዲያም ሆኖ ዋናው ቅርጽ ካልጠፋ ሥራው ይዟል።

ከብርሃን ቀጥሎ የሰውን ቀልብ የሚይዘው ዓይን ነው። የኮፐንሀገኑ ጨዋታ ሠሪ ፕሌይዴድ በ2010 ያወጣው «ሊምቦ» ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ብቻ ነው፤ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ጥላ ሆኖ ሁለት ነጫጭ ዓይኖቹ ብቻ ይበራሉ፣ ለመታወቅም ሁለቱ ነጥቦች በቂው ሆነዋል። ስኮት ካውቶን በ2014 ያወጣው «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» ፊትን ነው የያዘው፦ ፍሬዲ የተባለው ሜካኒካል ድብ ከጨለማ ውስጥ ያፈጥጣል። የዚህ ድብ አመጣጥ ራሱ ትምህርት አለው። ካውቶን ከዚያ በፊት የሠራው ለልጆች የተዘጋጀ ጨዋታ ገጸ ባሕርያቱ ሳይታሰብ የሚያስፈሩ ማሽኖች ይመስላሉ ተብሎ ተተችቶበት ነበር፤ እርሱም ነቀፌታውን ይዞ ሆነ ብሎ የሚያስፈራ አደረገው። የአገራችን የክታብ ጸሓፊዎችም የዓይንን ጉልበት ከማንም በፊት ያውቁታል፤ በብራና ጥቅልሉ ላይ አጋንንትን እንዲያባርሩ የሚሣሉት ትልልቅ ዓይኖች ከሩቅ ይታያሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ክፉው ሰው በጎን ተሥሎ አንድ ዓይኑ ብቻ መታየቱ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ ተነሥቶ ሽፋን የሚሥል ሰው ቢመጣ በበኩሌ ለማየት እጓጓለሁ።

ሽፋን ቃል መግባት ነው፤ ስለዚህ ከጨዋታው ጋር መመሳሰል አለበት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የካሴት ጨዋታዎች ዘመን በካርቶኑ ላይ የተሣለው ጀግና ሌላ፣ ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀሰው አራት ማዕዘን ሌላ ነበር፤ ገዢውም ይህን ለምዶት ነበር። የዛሬ ገዢ ግን ከሽፋኑ በታች ቪዲዮውን ወዲያው ስለሚያይ ልዩነቱን እንደ ማጭበርበር ይቆጥረዋል። «ወርልድ ኦፍ ሆረር» ጥሩ ምሳሌ ነው። በሙያው የጥርስ ሐኪም የሆነ ፖላንዳዊ በማይክሮሶፍት ፔይንት፣ በጥቁርና በነጭ ነጠብጣብ ሠራው፤ መልኩም በቀለም ካበዱት መካከል ራሱን ችሎ ይታያል። በተቃራኒው የ2017ቱ «ዶኪ ዶኪ ሊተሬቸር ክለብ» ሆነ ብሎ ያታልላል፦ ሽፋኑ ላይ የጃፓን ካርቱን የሚመስሉ ፈገግተኛ ልጃገረዶች አሉ፣ ፍርሃቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው። ይህ ማታለል ያስኬደው ገጹ ራሱ ለሕፃናትና በቀላሉ ለሚረበሹ ሰዎች እንደማይሆን ስለሚያስጠነቅቅ፣ ጨዋታውም በነፃ ስለሚወርድ ነው። ገንዘብ የከፈለ ሰው እንዲህ አይታገሥም።

ደንቡም እጅን ያስራል። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በስቲም ካፕሱል ላይ ከጨዋታው ሥዕል፣ ከርዕሱና ከንዑስ ርዕሱ በቀር ሌላ ጽሑፍ አይፈቀድም፤ የሽልማት ስም፣ የሐያሲ ውዳሴ፣ የቅናሽ ማስታወቂያ ሁሉ ወጥቷል። ለትልቅ ዝማኔ ጊዜያዊ ሽፋን መስቀል ይቻላል፣ ከአንድ ወር በላይ ግን አይቆይም። ሽፋኑ ሁሉም ሰው ፊት የሚቆም ስለሆነ የተቆራረጠ አካልና የመሳሰለው ጭካኔም አይመከርም። በዚህ ረገድ ደንቡ ሠዓሊውን የጠቀመው ይመስለኛል፤ መደበቅን ያስተምረዋል። ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ሠሪዎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት የመነጨ ይዘት ከተጠቀሙ በገጻቸው ላይ መግለጽ አለባቸው። ኢች የተባለው አነስተኛ መደብር ላላ ያለ ነው፦ የሚመክረው መጠን 630 በ500 ሲሆን የሚንቀሳቀስ ምስልም ይቀበላል፤ የሚርገበገብ አምፖል ወይም አንድ ጊዜ ብቻ የሚርገበገብ ዓይን እዚያ ያምራል።

በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሃሎዊን ለተባለው የምዕራባውያን የማስፈራሪያ በዓል፣ ስቲም አስፈሪ ጨዋታዎችን በአንድ ገጽ የሚሰበስብ ዝግጅት አለው። ያን ገጽ ከፍቶ ማየት ከብዙ ምክር ይሻላል፦ ቀይና ጥቁር፣ ቀይና ጥቁር፣ እንደገና ቀይና ጥቁር። እዚያ መሀል የታመመ አረንጓዴ ወይም የሆስፒታል ነጭ የመረጠ ሰው ሳይጮኽ ይታያል።

የቀረው ርዕሱ ነው። ደም የሚንጠባጠብባቸው፣ የተቧጨሩና የተሰነጠቁ ፊደላት ይወደዳሉ፤ በላቲን ፊደል ጉዳታቸው መጠነኛ ነው። በግእዝ ፊደል ርዕስ መጻፍ የሚያስብ ሠሪ ግን መጠንቀቅ አለበት፣ ምክንያቱም በእኛ ፊደል ድምፁ ያለው በትንሹ ቅጥያ ላይ ነው። «ቤቱ» የሚል ርዕስ ሲያንስ የ«ቤ» ቀለበት ይደፈንና «ቢቱ» ይሆናል። ከ«በ» ቀኝ እግር ደም ቢንጠባጠብ ፊደሉ «ባ» ነው፤ ከግራው ቢሆን «ቦ»። ጠብታው ከፊደሉ አናት ወደ ጎን ይፍሰስ፣ እግሮቹን ግን አይንካ።