ንስሩ ምንቃሩን አልሰበረም

ባለፈው እሁድ እንደገና ሰማሁት። እንግዳ ሰባኪ ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ትምህርቱም የታሰበበት። ሃያ ደቂቃ ያህል ጥሩ አድርጎ አስተማረና «ንስር 40 ዓመት ሲሞላው…» ብሎ ጀመረ። ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። ታውቀኛለች።

ታሪኩን ያልሰማ ካለ ባጭሩ ይኸው። ንስር 70 ዓመት ይኖራል ይባላል። 40 ሲሞላው ምንቃሩ ይጎብጣል፣ ጥፍሩ ይዶለዱማል፣ ላባው ይከብደዋል። ስለዚህ ተራራ ላይ ወጥቶ 150 ቀን ብቻውን ይቀመጣል። ምንቃሩን ከድንጋይ ጋር እያጋጨ ይሰብረዋል። አዲስ ሲበቅልለት በሱ ጥፍሮቹን ይነቅላል፤ ቀጥሎ ላባውን። ከዚያ እንደ አዲስ ተወልዶ ሌላ 30 ዓመት ይኖራል። አዳራሹ በሙሉ «ሃሌ ሉያ!»

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እመራለሁ። ስለዚህ ይህ ንስር በሁለት በኩል ያሳድደኛል። ክፍል ውስጥ ተማሪ ያነሳብኛል። በቴሌግራም ደግሞ አንዱ ካልላከው ሌላው ይልከዋል፤ ዋሽንት ታክሎበት።

በዱር የሚኖር ትልቅ ንስር 30 ዓመት ከደፈነ ዕድሜ የጠገበ ሽማግሌ ነው። ምንቃሩ ውስጡ አጥንት ነው፤ ላዩን እንደኛ ጥፍር ያለ ነገር ይሸፍነዋል። ሽፋኑ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ ሲበላና ሲፋቅ ደግሞ ይሞረዳል። አጥንቱን የሰበረ ንስር ግን አዲስ አያበቅልም። መብላት አቅቶት ይሞታል፤ አለቀ።

«መዝሙር 103 ላይ ጎልማስነት እንደ ንስር ይታደሳል ይል የለም እንዴ?» ይሉኛል። ይላል። ድንጋይና የተሰበረ ምንቃር ግን እዚያ የለም። የጥንት አባቶችም የንስር ታሪክ ነበራቸው። ወደ ግዕዝ በተተረጎመው ፊሳልጎስ በተባለው የጥንት የእንስሳት ምሳሌ መጽሐፍ ውስጥ ያረጀው ንስር ወደ ፀሐይ ይበርራል፣ ከዚያ ምንጭ ውስጥ ሦስት ጊዜ ይጠልቃል። ምሳሌነቱ ለጥምቀት ነው። እሱም ቢሆን ባዮሎጂ አይደለም። ግን ቢያንስ ንስሩ ራሱን አይቀጠቅጥም።

እውነተኛው ንስር እንዴት እንደሚታደስ ልንገራችሁ። ላባውን ይቀይራል፤ ጥቂት በጥቂት። አንዱ ይረግፋል፣ በቦታው አዲስ ይበቅላል፣ ከዚያ ሌላው ይከተላል። የትልልቆቹ ንስሮች የክንፍ ላባ ተቀይሮ እስኪያልቅ ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል። ያን ጊዜ ሁሉ ንስሩ ይበርራል፣ ያድናል፣ ጫጩቶቹን ይመግባል። ደብረ ሊባኖስ ገደሉ አፋፍ ላይ የቆማችሁ ቀን የሚያንዣብቡትን ትልልቅ ወፎች አስተውሉ። ክንፉ ላይ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍተት ያለበት አታጡም። ያ ወፍ እየታደሰ ነው። ጎዶሎውን ይዞ ይበርራል።

ለአንድ ወፍ ይህን ያህል መቆጣት ምንድነው ትሉ ይሆናል። የምቆጣው ለወፉ አይደለም። አንድ ወዳጄ አለ፣ 40ዎቹ ውስጥ ያለ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም ወጣ። ተስፋው ተሟጦ በነበረበት ሰሞን ነው ይህን ስብከት የሰማው። «ወደ ተራራዬ ወጥቻለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ከጥናቱ ቀረ፣ ከዕድር ቀረ፣ ከሰው ጠፋ። አራት ወር ሙሉ ጓዳ ተቀምጦ የሚሰበር ምንቃር ፈለገ። ሚስቱ እኔ ጋ መጥታ አለቀሰች። የከፋው ሰው እንዲያውም ከሰው መሸሽ ይቃጣዋል፤ ይህ ታሪክ ደግሞ ለሽሽቱ መንፈሳዊ ስም ያወጣለታል።

ሰባኪውን ከአምልኮ በኋላ ጠጋ ብዬ አነጋገርኩት። በትሕትና፣ ባለቤቴ ምስክር ናት። «ሰው እኮ ይወደዋል» አለኝ። እሱስ ልክ ነው፣ ይወደዋል።

እባካችሁ፣ ቀኑ ሲጨልምባችሁ አትጥፉ። መጸለይ ቢያቅታችሁ የሚጸልይ ሰው አጠገብ ተቀመጡ። መዘመር ቢያቅታችሁ የሚዘምሩት መካከል ዝም በሉ። በቀን አንድ መዝሙር አንብቡ፤ ካልተመሰጣችሁበትም አንብቡ። ዕድራችሁን አትተዉ።

እንደ ንስሩ ታሪክ ሳይጣሩ የሚነገሩትን ሌሎቹን አባባሎች ቶሎ ቶሎ እንያቸው።

«ይህም ያልፋል» ጥቅስ ነው ይባላል። አይደለም። ጥሩ አባባል ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ግን ብትፈልጉ አታገኙትም።

«ሐኪም ጋ መሄድ የእምነት ማነስ ነው።» ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው» ይለዋል።

«እግዚአብሔር ከአቅም በላይ አይጭንም።» ይህ የሚጠቀሰው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 ነው። እዚያ የተጻፈው ወደ ኃጢአት ስለሚጎትት ፈተና ነው። አማርኛችን ለመከራውም ለማባበያውም «ፈተና» ስለሚል ተደባለቀብን። ያው ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8 በእስያ የደረሰበትን ሲናገር «ከዓቅማችን በላይ» ይላል፤ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እስከ መቁረጥ ደርሶ ነበር። ልጁን ለቀበረ ሰው «ከአቅምህ በላይ አይደለም» አትበሉት። ነው።

«አማኝ አያማርርም።» አያቴ ዳዊት ደጋሚ ነበሩ። በሳቸው ዳዊት 87ኛው፣ በኛ 88ኛው መዝሙር ከጫፍ እስከ ጫፍ እሮሮ ነው፤ መጨረሻው ላይ እንኳ እፎይታ የለውም። ተራው ሲደርስ አይዘሉትም ነበር።

«አማኝ ተስፋ አይቆርጥም።» ኤልያስ ቆርጧል። በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ «ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ» አለ። መልአኩ አልገሠጸውም፣ አልሰበከለትምም። እንጎቻና በማሰሮ ውኃ አቀረበለት። ኤልያስ በላና ተኛ፤ ተቀስቅሶ ደግሞ በላ። ወደ ኮሬብ የሚወስደው የ40 ቀን መንገድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ለቅሶ ቤት እዝን ይዘን መሄድ እናውቅበታለን። ሥራ ያጣ ሰው ቤት ግን ጥቅስ ብቻ ይዘን እንሄዳለን። ቁርስ በልቶ እንደሆነ ማን ጠየቀው?

አሁን ደግሞ ሁለተኛዋ ሕመሜ፣ ኤርምያስ 29፥11። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ» የሚለው። ታክሲ ላይ ተለጥፏል፣ የስልክ ሽፋን ላይ ታትሟል፣ መስከረም 1 ቀን በየስልካችን ይዘንባል። ትርጉሙም «ዘንድሮ ይሆንልሃል» ተደርጎ ይወሰዳል።

አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ አንብቡ። 70 ዓመት ይላል። ይህ ወደ ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ሲደርሰው ጎልማሳ የነበረ ሰው የመመለሻውን ቀን አያየውም። «በሁለት ዓመት ትመለሳላችሁ» ያለ ነቢይም ነበር፤ ሐናንያ ይባላል፣ ምዕራፍ 28 ላይ አለ። ሐሰተኛው እሱ ነው። የኤርምያስ ደብዳቤ ግን ቤት ሥሩ፣ አታክልት ተክሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባትም ከተማ ጸልዩ ይላል። ተስፋው የተሰጠው ቁጭ ብለው ቀን ለሚቆጥሩ ሳይሆን ጓዛቸውን ፈትተው ለሚኖሩ ነው።

ዋሽንግተን የሚኖር የአጎቴ ልጅ «ዘንድሮ ጠቅልዬ እገባለሁ» እያለ ዓመታት ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ ተኛ። ደብዳቤውን ሙሉውን በስልክ አነበብኩለት። በሳምንቱ አልጋ ገዛ።

እዚሁ አገራችንም ታይቷል። በ1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ። ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ «ዘጠኝ ዓመት ብቻ ታገሡ» ብሎ ቀን የቆረጠላቸው የለም። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ተማሩ፣ አስተማሩ፣ ጸለዩ። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ወደ አደባባይ የወጡት ከተዘጋባቸው ጊዜ በብዙ እጥፍ በዝተው ነው።

ወዳጄ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። መጀመሪያ ሰሞን በር አጠገብ ተቀምጦ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይሄድ ነበር። ቋሚ ሥራ ገና አላገኘም። ባለፈው ሳምንት ከጓሮው የቀነጠሰውን ጎመን በፌስታል ይዞልን መጣ። ትል ትንሽ በልቶታል። ባለቤቴ በማግስቱ ሠራችውና እሱንም ሚስቱንም ጠርተን አብረን በላን።