ሃምሳ ሎሚና ሁለት እጅ

ባለፈው ሰሞን አዳማ ውስጥ አንድ የሥልጠና አዳራሽ ተቀምጬ ነበር። አዳማ የስብሰባ ከተማ ናት፤ የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህማ የሆነ አዳራሽ ውስጥ የሆነ ሥልጠና ሳይኖር የሚያልፍ ሳምንት ያለ አይመስለኝም። የዕለቱ ሠልጣኞች ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ሥራ ያላገኙ ወጣቶች ናቸው። እኔ የገባሁት የጎረቤቴን ልጅ ይዤ ነው፤ እናቱ «እባክህ አብረኸው ግባ፣ ብቻውን ከሆነ ይቀራል» ብላ ለምናኝ።

አሠልጣኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው ይላሉ አባቶቻችን!» አለ። ሁለተኛውን ግማሽ ስጠብቅ «ስለዚህ ትከሻችሁን አጠንክሩ፤ ሸክማችሁን በማንም ላይ አትጣሉ» ብሎ ወደ ሌላ ነገር አለፈ። ልጁ ደብተሩ ላይ «ትከሻ ማጠንከር» ብሎ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ለሻይ ስንወጣ አንገቱን ደፍቶ «ጋሼ፣ ለካ ችግሩ እኔው ነኝ» አለኝ።

ሻዩ አልወረደልኝም።

የአባባሉን ፍቺ ለአማርኛ አንባቢ መዘርዘር አያስፈልግም። እኔን ለዓመታት ሲያብሰለስለኝ የኖረው አንዲት ቃል ናት፤ «ጌጡ» የምትለው። ስለ መረዳዳት ብቻ ለመናገር ቢሆን «ለሃምሳ ሰው ቀላሉ» ማለት ይበቃ ነበር። ሎሚ እንዴት ጌጥ ይሆናል? ወርቅ አይደል፣ ዛጎል አይደል። ብዙ ሰው አባባሉን ከደቦና ከወንፈል ጋር ያያይዘዋል። ደቦ ቢሆንማ ተናጋሪው ነዶ ወይም ድንጋይ ይጠራ ነበር እንጂ ሎሚ ምን አመጣው? ለእኔ መልሱ ያለው ጥምቀት ላይ ነው።

ያደግሁት ከአዳማ በስተሰሜን፣ ምንጃር ነው። የምንጃርን ጥምቀት ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ኢራንቡቲ ይወርዳሉ፣ ጭፈራው ተራራውን ያናውጠዋል፣ አቧራው ከሰማይ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ ግፊያ መሐል ከጎረምሳውም ከኮረዳይቱም እጅ የማትጠፋው ሎሚ ናት። አቧራው ሲያፍናቸው ያሸቷታል፣ ሲዘፍኑ ወደ ላይ እያጎኑ ይቀልቧታል፣ ልብ ሲከጅል ደግሞ ትወረወራለች። የተወረወረባት ልጅ ሎሚውን ካነሳችው ነገር አለ ማለት ነው፤ ካላነሳችው ጎረምሳው መንገዱን ይቀጥላል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር፣ አዲስ ቀሚስ ለመግዛት ያልቻለችው ልጅ እንኳ ሎሚዋን አታጣም። ጌጥ ማለት ይህ ነው።

የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከከተራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አክስቴ ለሰፈሩ ወጣቶች የሚሆን ሎሚ ከአረርቲ ገበያ ገዝታ በአሮጌ ዘምቢል አሸከመችኝና እሷ ጨው ልትገዛ ቀረች። ስንት እንደነበር አልቆጠርኩም፤ ሃምሳ ነበር ብዬ ማመን ደስ ይለኛል። መንገዱ ግማሽ ላይ ቁልቁለቱን ስጀምር የዘምቢሉ ቂጥ ተቀደደ። ሎሚው እንደ ሕፃን ልጅ በየአቅጣጫው ሮጠ። አንዱን ሳነሳ ሁለቱ ይወድቃሉ፤ በሸሚዜ ስቋጥር በአንገቴ በኩል ይወጣሉ። አህያ እየነዱ የሚያልፉ አንድ አባት ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ምን ታደርግ፤ ሁለት እጅ ብቻ ነው የሰጠህ» አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አብረውኝ ለቀሙ።

ከዚያን ቀን ወዲህ አባባሉ ስለ ክብደት ነው ሲሉኝ አልቀበልም። ሃምሳ የአገር ቤት ሎሚ ስንት ኪሎ ይሆናል? አንድ እንስራ ውኃ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል፤ እናቶቻችን ደግሞ እንስራውን ብቻቸውን ተሸክመው ኖረዋል። የሎሚ ችግሩ ክብደቱ ሳይሆን ክብነቱ ነው። የፈለገውን ያህል ጡንቻ ቢኖርህ ሃምሳ ክብ ነገር በሁለት እጅ አይያዝም። የጎደለው እጅ እንጂ ጉልበት አይደለም። በከተራ ዕለት እነዚያው ሎሚዎች በየሰዉ እጅ አንድ አንድ ሲሆኑ አየሁ፤ አንዷ ለእኔም ደርሳኛለች።

«ሃምሳ» የሚለውን ስሰማ ደግሞ «አምሳያ» የሚለው ቃል አብሮ ይሰማኛል። ሥርወ ቃላቸው የተለያየ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን ዝምድናቸውን አይክድም። ሃምሳ ሰው ማለት ያንኑ ሎሚ የያዘ ሃምሳ አምሳያ ነውና።

ሶሲዮሎጂ፣ ማለትም የማኅበረሰብ ጥናት፣ ያስተማርኩባቸው ዓመታት ሁሉ «ይሄ ትምህርት ምን ይጠቅማል?» ለሚለኝ የምመልሰው ከዚሁ ቁልቁለት ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ቻርልስ ራይት ሚልስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 የግል ችግርንና የሕዝብ ጉዳይን ሲለይ ይህንን ምሳሌ ሰጠ። 100 ሺህ ሰው በሚኖርበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውየውን ጠባይና ሙያ እንመርምር። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ሲያጣ ግን መልሱን ከእያንዳንዱ ሰው ጠባይ ውስጥ ማግኘት አይቻልም፤ የተበላሸው ዕድል የሚገኝበት ሥርዓት ራሱ ነው። ይህንን ክፍል ውስጥ ባስተማርኩ ቁጥር እኚያ ባለ አህያ አባት ትዝ ይሉኛል። ድክመቴን ሳይሆን እጄን ነበር የቆጠሩት።

ገጠር ሌላ ጥቅም አለው፤ አርባ ዘጠኙ ይታዩሃል። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ኤሚል ዱርኬም በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 እንደጻፈው የጥንቱን ማኅበረሰብ አንድ የሚያደርገው መመሳሰል ነው፤ የዘመናዊውን ደግሞ የሥራ ክፍፍል። ምንጃር ላይ ሁሉም ያርሳል፣ ሁሉም ያጭዳል፣ ዝናብ ከቀረ ለሁሉም ቀረ፤ ማንም «ጥፋቱ የኔ ይሆን?» ብሎ ለብቻው አይብሰለሰልም። አዳማ ላይ አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ አንዷ ፀጉር ትሠራለች፤ ለመኖር ከገጠሩ ይልቅ እርስ በርስ እንፈላለጋለን፣ ግን አንተያይም። ሥራ ያጣው ልጅ ክፍሉን ዘግቶ ስልኩ ላይ የሚያየው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያንኑ ሎሚ ታቅፎ የተቀመጠ ጓደኛው አይታየውም። የዚህ ትምህርት ዋናው ጥቅሙ ለእኔ ግድግዳውን አሳልፎ ማሳየቱ ነው።

ከተሜው ማካፈል ጠፍቶበት አይደለም። ዘመዱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው ከማይዛመደው ጎረቤት ጋር እድር መሥርቶ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን በጋራ ገዝቷል። ሞት ሲመጣ ሃምሳውን ሎሚ እንዴት እንደምንከፋፈል አሳምረን እናውቅበታለን። ሥራ ማጣት ሲመጣ ግን ሐዘንተኛው ብቻውን ይቀመጣል፤ ድንኳን የሚተክልለት የለም። ይህ ልዩነት ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

አባባሉን በሌላ በኩል የሚያበላሹትም አሉ። መዋጮ የሚሰበስብ ሁሉ ደረሰኙን ይዞ «ሃምሳ ሎሚ» እያለ ይመጣል፤ ላለውም ለሌለውም እኩል ይቆርጣል፣ ያልከፈለውን ስሙን ይለጥፋል። ጥምቀት ላይ ሎሚ በግድ ያስያዘ ሰው አላየሁም። ወድደው ያልያዙትን ነገር ጌጥ ማለት ቃሉን መበደል ነው።

ከሻይ እንደተመለስን ይህንን የሎሚ ነገር ለልጁ በጆሮው ነገርኩት። ትንሽ ቆየና እጁን አወጣ፤ ሲፈቀድለት ግን ፊቱን ወደ አሠልጣኙ ሳይሆን ወደ ኋላ አዞረ። «ከተመረቀ ሁለት ዓመት አልፎት ሥራ ያላገኘ ማነው?» አለ። መጀመሪያ ሦስት አራት እጅ ወጣ፤ ከዚያ የአዳራሹ እኩሌታ። ልጁ በጣቱ እየጠቆመ ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

ለምሳ ስንወጣ አሠልጣኙን ለብቻው ጠርቼ «ወንድሜ፣ ተረቱን ለምን ቆረጥከው?» አልኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ «ጊዜ አጥሮኝ ነው» አለኝ። «ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሦስት ቃል ናት። እነዚያን ልጆች ሰብስቦ ቀኑን ሙሉ የሚናገር ሰው ለሦስት ቃል ጊዜ ማጣት የለበትም።